የስደትና የጥገኝነት ፖሊሲ ውጤቱ የሚታየው መቼ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የስደት ተመላሾች ፕሮጀክት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በጎጃም ወረዳዎች ስዞር ከርሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስደት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ «እሱን ጠይቁት» እየተባለ ይላክብኛል። ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። አንዱን ቡና ላይ፣ ሌላውን በቴሌግራም ስመልስ ከምኖር አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የውጭ አገር ነገር ሳነሳ ዓመቱን እ.ኤ.አ. እላለሁ። የቀረው በእኛው አቆጣጠር ነው።

«ስደተኛ» የምንለው ማንን ነው?

ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አፍ ሁሉም ስደት ነው። ቤይሩት በኮንትራት የሄደችው ተሰደደች እንላለን። ከመተከል ሸሽቶ ቻግኒ የገባውንም ተሰደደ እንላለን። ጋምቤላ ያለው ደቡብ ሱዳናዊም ስደተኛ ነው።

ሕጉ ግን ይለያቸዋል። ማሳደድን ወይም ጦርነትን ሸሽቶ ድንበር የተሻገረና ጥበቃ ያገኘ ሰው ስደተኛ ነው። ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ ይባላል። ለሥራ የሄደው ፍልሰተኛ ነው። ቤቱን ጥሎ ከአገሩ ሳይወጣ የሸሸው ተፈናቃይ ነው። ከሄደበት የመጣው ወይም የተባረረው ደግሞ ተመላሽ።

ትርጉሙ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1951 ዓለም አቀፍ ስምምነት ትኩረቱ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አቋሙ የሚሳደድ ሰው ላይ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው ስምምነት ሰፋ አድርጎታል። በስሙ ባይፈለግም ከወረራ ወይም አገር ካወከ ግርግር የሸሸውን ይጨምራል። ትርጉም ሲሰፋ መዝገቡ ይረዝማል። ሲጠብ ያው ሰው፣ ያው ችግር ይዞ፣ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የሁለት አገር ቁጥር ከማወዳደራችሁ በፊት ማን እንደተቆጠረ እዩ።

(አያቴ ቅኔ ፍለጋ አኮፋዳውን አንግቶ በየደብሩ ሲዞር ስምንት ዓመት ከቤቱ ጠፍቷል። የቆሎ ተማሪን የሚመዘግብ የስደት መዝገብ እስካሁን አላየሁም።)

«ረጅም ጊዜ» ሲባል ስንት ዓመት ነው?

የፕሮጀክት ሰዎችን ብትጠይቁ ሦስት ዓመት ይሏችኋል። በጀቱ ሦስት ዓመት ስለሆነ ነው። የእኔ መለኪያ ሌላ ነው፤ ሲገባ የታዘለ ሕፃን አድጎ ሥራ እስኪይዝ ድረስ። ሃያ ዓመት ገደማ በሉት።

ታንዛኒያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1972 በቡሩንዲ እልቂት ሲነሳ ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ሸሸ። የታንዛኒያ መንግሥት ድንኳን ውስጥ አላስቀመጣቸውም። ካቱምባ፣ ሚሻሞና ኡልያንኩሉ በሚባሉ ሰፈራዎች ለየቤተሰቡ የእርሻ መሬት ሰጠ። በአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ራሳቸውን ቻሉ ተብሎ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ሥራውን አስረክቦ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1985 የገመገመ ሰው «ተሳካ» ይል ነበር፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን ሰዎቹ ዜግነት አልነበራቸውም። 162 ሺህ ያህሉ ዜግነት የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ወረቀቱ በእጃቸው መግባት የጀመረው ደግሞ በ2014። መሬቱ በአሥራ ሦስት ዓመት ፍሬ ሰጠ፣ ወረቀቱ አርባ ሁለት ዓመት ፈጀ። በየትኛው ነው የምትለኩት?

እኛ ጋ ደግሞ ጅጅጋ አጠገብ ያለው የቀብሪ በያህ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሶማሊያ ስደተኞች የተከፈተ ነው። እዚያ ተወልደው፣ እዚያው አግብተው፣ እዚያው የወለዱ አሉ። ይህንን በሦስት ዓመት ሪፖርት እንዴት አድርጋችሁ ታስገቡታላችሁ?

እርዳታ ያገኘው ሰው ብዛት ውጤት አይደለም እንዴ?

አይደለም። እሱ የተሠራ ሥራ ነው። ውጤት ከሥራው በኋላ የሚመጣው ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ቦሌ በየቀኑ አውሮፕላን ያወርድ ነበር። ብርድ ልብስ ተሰጠ፣ የመሳፈሪያ ተሰጠ፣ ከዚያ የመቋቋሚያ ፕሮጀክቶች መጡ። እኔ የተቀጠርኩበትም ከእነሱ አንዱ ነው። ስሙን ልተወው።

መጠይቄን ይዤ አንድ ቤት ደረስኩ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ያለች ገጠር ናት። እናትየዋ ጎንበስ ብለው ተቀበሉኝ፣ ቡና ቀረበ። በመዝገቤ ላይ የልጃቸው ስም አለ። «የዶሮ ርባታ ድጋፍ ያገኘች» ይላል።

«እማማ፣ ልጅዎትን ላገኛት ነበር።»

«እሷማ ሄደች፣ ልጄ።»

«ወዴት?»

«ወደነበረችበት።»

የዶሮው ቤት ግቢው ጥግ ላይ ቆሟል። ሽቦው ደህና ነው፣ ቆርቆሮው ደህና ነው። ውስጡ ማገዶ ታጭቆበታል፣ ጣሪያው ላይ ጌሾ ተሰጥቷል። መጠይቄ ላይ ያለው ጥያቄ «ድጋፉን አግኝታለች?» ነበር። «አዎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ውሸት አልጻፍኩም። ያን ቀን ከሞላኋቸው ወረቀቶች ግን ያ «አዎ» እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ ማንም የስደት ፖሊሲ ውጤት ብሎ ቁጥር ሲያመጣላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከመዝገቡ የጠፋው ሰው የት ገባ?

ለውጡ የመጣው ከፖሊሲው መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጎጃሜ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ጤፉ ዘንድሮ አማረ እንበል። ማዳበሪያው ነው ወይስ ዝናቡ? ለማወቅ ከአንድ ቃዳ መሬት ላይ ጥቂቱን ያለ ዩሪያ መተው ነው። ሁለቱም ያው ዝናብ ይዘንብባቸዋል። ልዩነቱ የማዳበሪያው ነው።

በሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ከባድ ነው። አንዳንዴ ግን ሕጉ ራሱ መስመሩን ያሰምርላችኋል። ዴንማርክ ለስደተኞች የምትሰጠውን ወርሃዊ ድጎማ እ.ኤ.አ. በ2002 በጣም ቀነሰች። ቅነሳው የሚመለከተው ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙትን ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ የተፈቀደለትና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የተፈቀደለት ሰው በምንም አይለያዩም። የሚለያቸው ድጎማው ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ የጤፍ ማሳ የለም።

ምን ተገኘ? መጀመሪያ ላይ ቅነሳው የደረሰባቸው ቶሎ ሥራ ያዙ። በዚያን ጊዜ የለካ ሰው ፖሊሲውን ያወድሳል። ዓመታት ሲያልፉ ግን የሥራው ልዩነት እየሟሸሸ ሄደ። በድህነቱ ምክንያት ጥቃቅን ስርቆት ጨመረ፣ ልጆቻቸውም በትምህርት ወደኋላ ቀሩ። ያው ፖሊሲ፣ ያው ሰዎች፤ የመለኪያው ቀን ሲቀየር ፍርዱ ተቀየረ።

ጀርመን ስደተኞችን መቀበሏ አዋጣት ወይስ ከሰረች?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ በንዴት ነው የሚመጣው፣ አንዱ ለማሞገስ ሌላው ለመኮነን። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2015 ብቻ ወደ 890 ሺህ ጥገኝነት ፈላጊ ተቀበለች። የወቅቱ የጀርመን መራሂተ መንግሥት ሜርክል «እንችለዋለን» ያሉት ያኔ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ሥራ አልነበረውም። በዘጠነኛው ዓመት ግን በ2015 ከገቡት ለሥራ ከደረሱት ውስጥ ከመቶ 64 ያህሉ ሥራ ላይ ነበሩ። የአገሩ አማካይ 70 ገደማ ነው። ትንሽ ነው የቀራቸው።

እንግዲህ እዚሁ ላይ አትቁሙ። ወንዶቹን ለብቻ ስታዩ ከመቶ 76 ናቸው። ሴቶቹ 35። አማካዩ ሁለቱን አቻችሎ ሸፈናቸው። የሴቶቹ ምክንያት የሚገርም አይደለም፤ ልጅ የሚይዝ የለም፣ የቋንቋ ትምህርቱን ዘግይተው ጀመሩ፣ በአገራቸው ሲሠሩት የነበረው ሙያም እዚያ ለመቀጠር ወረቀት የሚጠይቅ ነው። እና ተሳካ? ለወንዶቹ በአብዛኛው። ለሴቶቹ ገና።

ጎጃም ውስጥ ውጤቱ ሊገመገም የሚችል የቆየ ምሳሌ አለ?

አለ፤ በመተከል፣ በለስ ሸለቆ ውስጥ ያለው ፓዊ። ጥገኝነት አይደለም፣ በገዛ አገር ሰውን ከቦታ ቦታ የማንቀሳቀስ ፖሊሲ ነው። ግን የረጅም ጊዜ ውጤትን ለመማር ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

በ1977ቱ ረሃብ ደርግ ከሰሜንና ከሌላውም አካባቢ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ከዚህ ውስጥ 80 ሺህ ገደማው በለስ ሸለቆ ወረደ። መተከል ያኔ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። የበዛው ከወሎ ነው፤ ከከምባታና ከሐድያ የመጣም አለ። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ሰጠ፣ የጣሊያን ኩባንያ መንገድ ቀየሰ፣ ጫካ መነጠረ፣ ትራክተር አስገባ። መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፣ ቁጥር ተሰጣቸው። ዛሬም ሰው «መንደር ሰባት ነው የምኖረው» ይላችኋል።

ያኔ ቢለካስ? ስንት ሰው ተጓጓዘ፣ ስንት ሄክታር ታረሰ፣ ስንት ቤት ተሠራ። ሁሉም የሚያኮራ ቁጥር ነው። መዝገቡ ላይ ያልነበሩት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ወባ ነው። ደገኛ ሰው ቆላ ሲወርድ ምን እንደሚሆን የአባይን በረሃ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ብዙ ሰው ሞተ። ሁለተኛው ጉሙዙ ነው። መሬቱ ባዶ አልነበረም። ጉሙዝ አንዱን ማሳ እያሳረፈ ሌላውን ያርሳል፣ ያድናል፣ ማር ይቆርጣል። በቢሮ ካርታ ላይ ይህ «ያልታረሰ መሬት» ተባለ።

የጣሊያኖቹ ገንዘብ ሲቆምና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሰፋሪው ብዙው ጥሎ ወጣ። የቀረው ግን እርሻ ይዞ፣ ልጅ አስተምሮ፣ የአካባቢው ሰው ሆነ። የግብርና ምርምር ማዕከሉም እስካሁን አለ። ስለዚህ «ከሸፈ» ብሎ መጨረስም አይቻልም።

በ2013 ዓ.ም. በመተከል ሰው ሲገደልና ሲፈናቀል ብዙ ሺህ ሕዝብ ቻግኒ መጣ። ራንች በሚባለው ቦታ ድንኳን ተተከለ። እዚያ አንድ ሰውዬ አገኘሁ። በልጅነቱ በጭነት መኪና ከወሎ መጥቶ ፓዊ የወረደ ነው። ኋላ ድባጤ አካባቢ አግብቶ፣ ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። እጁ ላይ የራሽን ካርድ ይዟል። «በ77ም እንዲህ ዓይነት ነበረኝ» አለኝ፣ ካርዱን ገልበጥ አድርጎ እያሳየኝ። «ያኛው ሰፋሪ ይላል። ይኼኛው ተፈናቃይ።» በሁለቱ ካርዶች መካከል ሠላሳ ስድስት ዓመት አለ። እነዚያን ዓመታት የመዘገበ የለም። ፖሊሲው ሠራ ወይስ አልሠራም የሚለው መልስ ግን ያለው እዚያው መሃል ነው።

የኢትዮጵያ የስደተኞች ሕግስ እንዴት ይገመገማል?

አገራችን አንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኛ ታስጠልላለች፣ በብዛት ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን። ለዓመታት ደንቡ ካምፕ ውስጥ ተቀመጥ፣ ራሽንህን ውሰድ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 ኒውዮርክ ላይ መንግሥት ዘጠኝ ቃል ገባ። ከዚያ በጥር 2011 አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ወጣ። ሥራ የመሥራት፣ የመንቀሳቀስ፣ የመማር፣ ባንክ የመጠቀም መብት ይሰጣል። በወረቀት ደረጃ በአፍሪካ ከላቁት ሕጎች ይመደባል፤ ይህንን ስናገር አላፍርም።

ከቃሎቹ አንዱ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ከሚፈጠረው 100 ሺህ ሥራ ከመቶ 30 ያህሉን ለስደተኛ መስጠት ነበር። ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሆነ። ወዲያው «ሕጉ አልሠራም» ትሉ ይሆናል። ቀስ በሉ። የፓርኮቹ ደሞዝ ትንሽ ስለነበር የአገሬው ወጣት ራሱ ቶሎ ቶሎ ይለቅ ነበር። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል (ከአጎዋ) ታገደችና የወጡ ፋብሪካዎች ነበሩ። ሥራው ለማንም ሳይፈጠር ለስደተኛው ከየት ይምጣ? ይህ ነው የማዳበሪያና የዝናብ ጉዳይ።

ገምግሙ ብባል እኔ የማየው ቀላል ነገር ነው። መብቱ በአዋጅ ከተሰጠ በኋላ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ባንክ ቤት ያለው ልጅ የስደተኛ መታወቂያውን አይቶ ሒሳብ ይከፍትለታል ወይስ «አለቃዬ እስኪመጣ ጠብቅ» ይለዋል? የአስተናጋጁ ሕዝብ ትምህርት ቤት ክፍል ተጨመረለት ወይስ ልጆቹ ይበልጥ ተጨናነቁ? ማገዶ ፍለጋ የሚኬደው መንገድ ረዘመ ወይስ አጠረ? አስተናጋጁን ሳይጠይቅ የተጻፈ ግምገማ ግማሽ ነው።

የስደተኛው ቁጥር ከቀነሰ ፖሊሲው ሠራ ማለት አይደለም?

ላይሆን ይችላል። በጥቅምት 2006 መንግሥት ወደ ዓረብ አገር በኮንትራት መሄድን አገደ። በኮንትራት የሚሄደው ቁጥር ዜሮ ሆነ፣ በወረቀት። ሰዉ ግን በባህር ሄደ። የጅቡቲዋ ኦቦክ፣ የመን፣ ከዚያ በእግር። ደላላው ዋጋ ጨመረ። አዋጅ 923/2008 ወጥቶ በሕጋዊ መንገድ መሄድ እንደገና የተጀመረው በ2010 ነው። በመሃል ያለው ጊዜ በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መዝገብ ላይ ባዶ ነው፤ በየቤቱ ግን ባዶ አይደለም።

አውሮፓም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2016 ከቱርክ ጋር ስምምነት ሲደረግ ወደ ግሪክ የሚሻገረው በጣም ቀነሰ። በዚያው ዓመት ግን በሜዲትራኒያን ባህር ከ5 ሺህ በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኛው በሊቢያና ጣሊያን መካከል። አንድ በር ላይ ቆሞ መቁጠር እንዲህ ያሳስታል።

የሄዱት ሲሳካላቸው በዓይናችን እያየን ነው እኮ?

የምታዩት የተሳካላትን ነው። ቤት ሠርታለች፣ ለእናቷ ቲቪ ገዝታለች፣ ለገና ስትመጣ ሰፈሩ ይወጣል። ያልተሳካላት አትመጣም። ብትመጣም ማታ ነው የምትመጣው። ሰባት ሰው ሄዶ የአንዱ ቤት ብቻ ከታየ ዓይን የሚቆጥረው አንዱን ነው። ስድስቱን ፈልጉ።

የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ልሠራ ነው። ከየት ልጀምር?

አዲስ መጠይቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት የድሮ መዝገብ ፈልጉ። ቀድሞ የወረዳው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት አለው። ቀበሌ አለው። ትምህርት ቤት ሮስተር ያስቀምጣል፣ የእድር ጸሐፊ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ማን እንደሄደ፣ ማን እንደተመለሰ፣ የማን መዋጮ ከዓረብ አገር እንደሚላክ ያውቃል። ከስምንትና ከአሥር ዓመት በፊት የተመዘገቡ ሠላሳ ሰዎችን ውሰዱና አንድ በአንድ ተከታተሉ። ከሦስት መቶ አዲስ ሰው ይልቅ እነዚያ ሠላሳው ይነግሯችኋል። አማካሪያችሁ ናሙናው አነሰ ካላችሁ ተከራከሩ።

ስልክ ካልሠራ ተስፋ አትቁረጡ። ወጣት ሲም ካርድ ይቀያይራል። እናት አትቀይርም። የእናትየዋን ቁጥር ያዙ። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን እኔም እንደዚያ ነው ያደረግሁት።

ሌላው፣ ገንዘብ ብቻ አትጠይቁ። «ወርሃዊ ገቢሽ ስንት ነው?» ብትሉ የሚነገራችሁ ለእንግዳ የሚነገር ነው። «ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» በሉ። «ስትታመሚ ማን ጋ ነው የምትደውይው?» በሉ። የሁለተኛው መልስ ሰው ሥር መስደዱንና አለመስደዱን ያሳያል።

መጠይቅህን ልትሰጠን ትችላለህ?

እሰጣለሁ፤ ቴሌግራም ላይ ጻፉልኝ። አራት ገጽ ነው። የመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ታገኛላችሁ፣ ኮፒው ትንሽ ደብዝዟል። ከፍኖተ ሰላም ስመለስ አውቶብስ ላይ የጨመርኩት ነው፦ «አሁን የት ናት?»